ሐዘን ያልከለከለው ካሴት

ባለፈው ሰሞን ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ሕመሜ እንኳን ቀላል ነው፤ ለሚስቴ ግን ግማሽ አካሌ አልታዘዝ ብሏል ብያታለሁ፤ ያለዚያ ሾርባ አትሠራልኝም። ነርሷ ጥጡን አልኮል ነክራ ክንዴን ማሸት ስትጀምር ሽታው በአፍንጫዬ ገብቶ በጆሮዬ ወጣ። ሌላ ሰው አልኮል ሲሸተው መርፌ ይታየዋል፤ እኔ ላይ ግን ቻይና ይጮኽብኛል። መጀመሪያ ትልቅ ነሐስ ይመታል፤ ቀጥሎ ዋሽንት ያለቅሳል፤ ከዚያ አንድ ሰውዬ እግሩን ጆሮው ድረስ ሰቅሎ "ዋ…ታ!" ይላል።

"ምነው ጋሼ፣ ገና ሳልወጋዎት እንባዎ መጣ?" አለችኝ ነርሷ።

"መርፌሽ ከሩቅ ይወጋል" አልኳት።

ሌላ ምን ልበላት? ጋሼ ከድርን፣ እትዬ አስካለን፣ ሰይፉን፣ የመቱን ዝናብ እንዴት አድርጌ በአንድ ብጣቂ ጥጥ ላስረዳት?

በደርግ ጊዜ ነው፤ እኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ጋሼ ከድር ከስልጤ አገር በልጅነታቸው መጥተው መቱ ላይ የሸበቱ ሰው ናቸው። ሻይ ቤታቸው ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ቡና የጫኑ መኪኖች የሚቆሙበት ዳር ላይ ነበር። ፓስቲያቸው ዓለት ነው፤ አንዱን ለውሻ ብወረውርለት ውሻው ዓመት ሙሉ አነከሰ። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ለፓስቲው ሳይሆን ለቴፑ ነበር። ቴፑ ከስኳሩ ጣሳ ጎን ዳንቴል ለብሶ እንደ ሙሽራ ይቀመጣል። ጋሼ ከድር አንቱ ሊሉት ትንሽ ነው የቀራቸው።

እናቴ ከትምህርት ቤት መልስ መንገድ ለመንገድ እንዳልዞር ብላ ለእሳቸው አስረክባኝ ነበርና የቴፑ አሽከር እኔ ነበርኩ። ሥራዬ ሦስት ዓይነት ነው። ካሴቱን በእስክሪብቶ እያሾርኩ እመልሳለሁ፤ በቴፑ ከተመለሰ የባትሪ ድንጋይ ይጨርሳል። የደከመውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፤ ትንሽ ሲሞቅ ነፍስ ይዘራል። ይህ በወሬ ቀላል ነው። አገራችን የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለቤት ናት ብለው የጻፉት ሰዎች መቱ ድረስ ሳይመጡ ዝናብ መልሷቸው መሆን አለበት። እኛ ጋ ፀሐይ ከወጣች ሰው ለሰው "እንኳን አደረሰህ" ይባባላል። ስለዚህ ድንጋዩን በአንድ እጄ፣ የማሰጣበትን ጆንያ በሌላ እጄ ይዤ ከደመና ጋር አባሮሽ ስጫወት እውላለሁ።

ሦስተኛው ሥራዬ አረቄ ማምጣት ነው። የካሴቱ ክር የሚታሽበት የቴፑ ብረት ሲቆሽሽ ድምፁ ይታፈናል፤ ብረቱን የሚያጸዳው ደግሞ አረቄ የነካ ጥጥ ነው። ጋሼ ከድር በዕድሜያቸው አረቄ ቀምሰው የማያውቁ፣ ሽታውን ሲያገኙ እንኳ ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰው ናቸው። የመድኃኒት ጠርሙስ ያሲዙኝና ወደ አረቄ ሻጯ እትዬ አስካለ ይልኩኛል። "ለቴፑ ነው በላት፤ ሰው እየሰማህ በላት!" ይሉኛል። እኔም እየጮኽኩ እናገራለሁ፤ በጮኽኩ ቁጥር ሰው ይስቃል። "ቴፑ እንዲህ ከጠጣ ባለቤቱማ እንዴት ይሆኑ?" ይላሉ። መስጊድ ድረስ ወሬው ደርሶ ጋሼ ከድር ቴፑን ተሸክመው ሄደው በሽማግሌ ፊት ብረቱን አጽድተው ካሳዩ በኋላ ነው የታመኑት።

ያን ካሴት ያመጣው ተካ የሚባል የቡና መኪና ሾፌር ነው። ጋሼ ከድር አዲስ የወጣ ዘፈን አምጣልኝ ብለው ወደ አዲስ አበባ ልከውት ነበር። የመጣው ካሴት ሽፋን ላይ በባዶ እግሩ አየር ላይ የተንጠለጠለ ሰውዬ አለ፤ ከበስተኋላው ቤት ይቃጠላል፤ ከዳር ቀይ የለበሰች ሴት ቆማለች።

"ይሄ ማነው?" አሉ ጋሼ ከድር።

"ቻይና ነው ጋሼ።"

"ይዘፍናል?"

"ይዘላል።"

"ዘፈን አምጣ ብልህ ዝላይ ታመጣልኛለህ?"

"የካራቴ ፊልም ሙዚቃ ነው ጋሼ። ፊልሙን ያየ ሰው ከአዳራሹ ሲወጣ ከበረኛው ጋር ሳይደባደብ ቤቱ አይገባም አሉ። አንዴ ይክፈቱትና ካልወደዱት ካሴቱን እኔ እበላዋለሁ።"

ተከፈተ። ያን ካሴት ያሰናዳው ሰው ወይ ሊቅ ነው፣ ወይ ወፈፌ ነው። ቅዳሜ የሁሩሙ ገበያ ውስጥ ያለው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ነሐስ ተመትቶ ሳያበቃ ፈረስ ይጋልባል፤ ፈረሱ ሳይቆም ጊታር ይገባል፤ ወዲያው ጭፈራ ቤት የሚመስል ከበሮ፤ ቀጥሎ የሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን የሚመስል ኦርጋን፤ ከዚያ ነጎድጓድ፣ ጩኸት፣ የሚሰበር ዕቃ። በመጨረሻ ዋሽንት ብቻውን ይቀራል። በካሴቱ ፊት ላይ አንድም የሚዘፍን ሰው የለም። ካሴቱ ተገልብጦ ጀርባው ሲከፈት ግን አንዲት ሴት በማናውቀው ቋንቋ ቀስ ብላ ትዘፍናለች። ጋሼ ከድር መጀመሪያ ቀን ጆሯቸውን ያዙ፤ በሳምንቱ ብርጭቆ ሲያጥቡ በፈረሱ ግልቢያ ልክ ሆነ።

እትዬ አስካለ አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ሰይፉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ትከሻው የሚስቅ ልጅ። ለስፖርት ውድድር ጅማ ሄዶ ያንኑ ፊልም በዓይኑ አይቻለሁ ስላለን በሰፈራችን ካለ ባለሥልጣን ሁሉ በላይ ሆነ። ከሻይ ቤቱ ጀርባ ባለው ባዶ የቡና ማስጫ ላይ ሰብስቦ ያሠለጥነናል። ዜማ ሁሉ የራሱ ምት አለው፤ ነሐሱ ሲመታ ሰላምታ፣ ፈረሱ ሲጋልብ እርግጫ፣ ኦርጋኑ ሲጀምር ዓይን ጨፍኖ ስለ ሟች መምህር ማሰብ። እኔ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር አንዱ በጥፊ ይለኝ ነበር። እስካሁን ማን እንደሆነ አልደረስኩበትም፤ ፍለጋውን ግን አላቆምኩም።

"ካራቴ በእግር አይደለም፣ በጆሮ ነው" ይለናል ሰይፉ። "ሙዚቃውን የሰማ ጠላቱ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል።"

አንድ ቀን ሶር ፏፏቴ ድረስ በእግር ወሰደን፤ የካራቴ መምህር ከፏፏቴ ሥር ካልቆመ መምህር አይባልም ብሎ ነው። ውኃው ሱሪዬን ገፎ ወሰደው፤ ሱሪዬ ይኼኔ ሱዳን ደርሶ አግብቶ ወልዷል። ሌሎቹ ሲስቁ እኔና ሰይፉ ቋጥኝ ላይ ተቀመጥን፤ ነጠላውን አልብሶኛል። ፏፏቴው ስለሚያገሳ አፉን ጆሮዬ ላይ ደቅኖ ጮኸ።

"ሙሌ! ፊልሙን እኮ አላየሁትም!"

"ምን?"

"ትኬት አልቆ ነበር! ከውጭ ግድግዳውን ተደግፌ ነው የሰማሁት! በር ላይ የተለጠፈውን ፎቶ ነው ያየሁት!"

ካራቴያችን ሁሉ ከግድግዳ ጀርባ የመጣ ሆነብኝ።

"መጨረሻውስ?" አልኩት።

"መጨረሻው ላይ ያቺ ሴትዮ ትዘፍናለች። ስትጨርስ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ወጣ። ያሸንፍ፣ ይሙት አላውቅም። አንድ ሰው ልጠይቅ ብዬ ፊታቸውን ሳይ ፈራሁ።" ከዚያ ትከሻው ሳቀ። "ለእነሱ እንዳትነግራቸው። ሌላ ጊዜ እሄድና አየዋለሁ።"

ሌላ ጊዜ አልነበረውም። ክረምቱ ሳይገባ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። መኪናው ከመናኸሪያው ሲነሳ እናቶች ይላቀሳሉ፤ እሱ ከላይ ሆኖ ሊያስቀን እግሩን ወደ ሰማይ ሰቀለ፤ የመኪናው ብረት አውራ ጣቱን አገኘውና "ዋ…ታ!" አለ፤ የእውነቱን ነው የጮኸው። ከእንባው መሐል ሳቅ ፈነዳ። እትዬ አስካለም ሳቁ። መኪናው በበደሌ መንገድ ከዓይን እስኪጠፋ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው እየሳቁ፣ እየሳቁ ነው ልቅሶው የመጣባቸው።

ከዚያ በኋላ ነው መርዶ መግባት የጀመረው። ጦርነቱ ሰሜን ነበር፤ ድምፁ ለእኛ አይሰማም፤ ለእኛ የሚሰማው ጎህ ሲቀድ በር የሚያንኳኳ የሽማግሌ ዱላ ብቻ ነው። ሐዘን የገባበት ሰፈር ሬዲዮ አይከፈትም፣ ዘፈን አይሰማም። ደንብ ነው። አንዱ ሐዘን ሳይወጣ ሌላው ሲገባ የጋሼ ከድር ቴፕ ዳንቴሉን እንደለበሰ ዝም አለ። ሾፌሮቹ ድምፅ የሌለበት ሻይ አይጠጡም፤ "ጎሬ ደርሰን እንጠጣለን" እያሉ ያልፋሉ። በመጨረሻ ጋሼ ከድር አንገፍግፏቸው ድምፁን ዝቅ አድርገው የካራቴውን ካሴት ከፈቱ።

ነሐሱ ተመትቶ ሳይጨርስ የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ጉደታ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ገቡ።

"ከድር! ከሐዘን ቤት ሦስተኛው በር ላይ ተቀምጦ ዘፈን?"

"ዘፈን አይደለም ኦቦ ጉደታ። ድምፅ ነው።"

"የአህያም ድምፅ አለ። ማነው የዘፈነው?"

"ማንም አልዘፈነም። ይቀመጡና ይስሙት፤ አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ከዘፈነ ካሴቱን እዚሁ ምድጃ ውስጥ እከተዋለሁ።"

ተቀመጡ፤ ሻይ ቀረበ። እኔ ትንፋሼን ውጬ ምድጃውን እያየሁ ነው። ፈረሱ ጋለበ፤ ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ኦርጋኑ ሲጀምር አንደኛው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ነጎድጓዱ ሲመጣ ኦቦ ጉደታ "ቡናዬ ተሰጥቷል!" ብለው ተነሥተው ወደ ደጅ ወጥተው ሰማዩን አይተው ተመለሱ። ከዚያ ጩኸቱ መጣ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

ጋሼ ከድር ወደ እኔ አዩ። በካራቴ ጉዳይ ሊቁ እኔ ነኝ።

"ቻይናው ነው። ተመትቶ ነው" አልኩ።

"ዱኤ?" አሉኝ በኦሮምኛ፤ ሞተ?

"ዱኤ።"

"ይሄ ከኋላው የሚያለቅሰውስ?" ዋሽንቱን ማለታቸው ነው።

"ወንድሙ ነው።" ወንድም የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ኦቦ ጉደታ ዋሽንቱ እስኪያልቅ ዱላቸው ላይ አገጫቸውን ጥለው ሰሙ። ከዚያ ፈረዱ።

"ሰው ሞቶ ወንድሙ የሚያለቅስበት ነገር ዘፈን አይባልም። ለቅሶ ነው። የቻይና ለቅሶ ነው። ድምፁ ዝቅ ይበልና ይከፈት። ጀርባው ላይ አለች የምትሏት ሴት ግን ዘፋኝ ናት፤ ሐዘን ባለበት እሷ አትሰማም።"

ጋሼ ከድር እጅ ነሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐዘን በገባ ቁጥር የካራቴው ካሴት ብቻ ይሰማል፤ ሐዘን የማይገባበት ሳምንት ደግሞ አልነበረም። እኔ ልጅ ነኝና ነገሩን ገልብጬ ተማርኩት። ለእኔ ሐዘን ማለት ካራቴ ማለት ሆነ። ጎህ ሲቀድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ሲያልፉ ካየን "ዛሬ ካራቴ አለ!" እየተባባልን በደስታ እንዘል ነበር። የአንዱ ጓደኛችን ወንድም የሞተ ቀን እሱም ራሱ ለቅሶ ቤቱን ትቶ መጥቶ ከእኛ ጋር ተራገጠ። ያን ደስታ ዛሬም የት እንደማስቀምጠው አላውቅም። ብጥለው የራሴ ነው፤ ብይዘው ያቃጥለኛል።

መርዶ በገባ ቀን ጋሼ ከድር "ለለቅሶ ድምፁ ንጹሕ ይሁን" ይሉና ጠርሙሴን ያሲዙኛል። እትዬ አስካለ በር ላይ ሲያዩኝ ገና ጠርሙሱን ሳልዘረጋ ትከሻቸው ዝቅ ይላል፤ የተሸከሙትን እንስራ ያወረዱ ይመስላሉ። አንድ ቀን እየቀዱልኝ ነገሩኝ።

"ሙሌ፣ መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው የሚመጣው። አንተ ደግሞ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው የምትመጣው። ይሄን ጠርሙስ ይዘህ በበሬ ከገባህ የዛሬው መርዶ ሌላ ቤት ገብቷል፤ የእኔ ልጅ አለ ማለት ነው።" ቡሽ ወተፉበት። "እንዲህ ማሰብ ኃጢአት ነው። ለማንም አትንገር።"

እኔ የገባኝ ጠርሙሴ እንደሚያስደስታቸው ብቻ ነው።

አንድ እሑድ ዝናብ ቀስቅሶኝ ወደ ደጅ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ በጭጋጉ ውስጥ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፤ ኦቦ ጉደታ ከፊት፣ ጋሼ ከድር ከኋላ። ካራቴ አለ! ጋሼ ከድር ከእነሱ ጋር ከሆኑ ማን ይልከኛል? እንግዲያው ሳይልኩኝ አዘጋጅቼ ልጠብቃቸው አልኩ። ጠርሙሱ ቤቴ ነበር። እነሱ በዋናው መንገድ ሲያዘግሙ እኔ በባሕር ዛፉ ሥር ባለው አቋራጭ በረርኩ፤ ነፋስ ራሱ "ቆይ እንጂ፣ አብረን እንሂድ" ያለኝ ይመስለኛል።

እትዬ አስካለ ከፈቱልኝ። መጀመሪያ ሰዓቱ አስደነገጣቸው፤ ከዚያ ጠርሙሱን አዩ።

"ማለዳ መጣህሳ? ዛሬ ደግሞ ማን ቤት ነው?"

"እንጃ። ሽማግሌዎቹ ወጥተዋል። ለቴፑ ነው።"

"ተመስገን" አሉና ወዲያው አፋቸውን ያዙ። "የማንን እናት ይሆን… እኔስ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?" እንዲያም ሆኖ ፊታቸው እየበራ ሄደ። ጠርሙሱን እስከ አፉ ሞሉት። ቆሎ በሁለት እጄ አስያዙኝ። እንደዚያ ቀን ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

"ሰይፉ ሲመጣ የተማራችሁትን ታሳዩታላችሁ? ያችን እግር የምትሰቀለዋን። እንዴት ነበረች?" ቀሚሳቸውን በትንሹ ሰብሰብ አድርገው አንድ እግራቸውን ከመሬት አነሱ። "እንዲህ ነው?"

"ከፍ ያድርጉት እትዬ!"

"ከዚህ በላይማ ወገቤ!" አሉና ሳቁ፤ ትከሻቸው ሳቀ። ሰይፉ ያንን ሳቅ ከየት እንዳመጣው ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

የኦቦ ጉደታ ዱላ አጥሩን የነካው እግራቸው መሬት ሳይመለስ ነው።

ጋሼ ከድር በሽማግሌዎቹ ትከሻ መሐል መጀመሪያ እኔን አዩ፤ ቀጥሎ ጠርሙሱን። እትዬ አስካለም ጠርሙሱን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ሽማግሌዎቹን ተራ በተራ፣ የተሳሳተ በር ያንኳኩ ሰዎች እንደሚታዩ አዩአቸው። "ሙሌ እኮ መጥቷል" አሏቸው። "ልጁ እኮ ጠርሙሱን ይዞ መጥቷል።"

ቀጥሎ የሆነውን አልጽፈውም። ቆሎው ከእጄ ፈሰሰ፤ ያን ብቻ ልበል።

ያን ቀን ቴፑ አልተከፈተም። በማግሥቱም፣ በሣልስቱም አልተከፈተም። ሌሎች መርዶዎች መጡ፤ ጋሼ ከድር አረቄ አምጣ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸው። ሾፌሮቹ እንደገና ጎሬ መጠጣት ጀመሩ። የቡና ማስጫው ላይ ሣር በቀለ።

የሰይፉ አርባ ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት እትዬ አስካለ ጥቁር እንደለበሱ ሻይ ቤቱ ገቡ። ኦቦ ጉደታ ጥግ ተቀምጠው ነበር። እትዬ አስካለ ከጉያቸው የመድኃኒት ጠርሙስ አውጥተው የቴፑ ዳንቴል ላይ አስቀመጡ።

"ጋሽ ከድር፣ ለሰው ልጅ ሁሉ ተከፍቷል። የእኔ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው?"

ጋሼ ከድር ጥጥ ነክረው፣ ፊታቸውን ከሽታው ሳያዞሩ፣ ብረቱን አሹት። ካሴቱ ገባ። ነሐስ፣ ፈረስ፣ ጊታር፣ ከበሮ፤ ሁሉም እንደነበረ አለ። ጩኸቱ ሲመጣ ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ዋሽንቱ አልቆ ቴፑ ቀጭ ብሎ ሲቆም እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሙሌ፣ እሱ ፊልሙን አይቶታል። ነግሯችሁ ይሆናል። መጨረሻው ምንድን ነው?"

በዕድሜዬ ያልዋሸሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "መጨረሻው ላይ አንዲት ሴት ትዘፍናለች" አልኩ። "ሰይፉ ነው የነገረኝ።"

ጋሼ ከድር ወደ ኦቦ ጉደታ አዩ። ኦቦ ጉደታ ወደ ዱላቸው አዩ። ጋሼ ከድር ካሴቱን አወጡ፣ ገለበጡ፣ ጀርባውን ከፈቱት። ሴትዮዋ ቀስ ብላ ጀመረች።

"ማን ናት?" አሉ እትዬ አስካለ።

"እናቱ ናት" አሉ ጋሼ ከድር።

"ምን ትላለች?"

"ና ትላለች። ሌላ ምን ትላለች አስካለ?"

ድንጋዩ ብዙ ጊዜ ስለተቀመጠ ደክሞ ነበር። መሐል ላይ ሲደርስ የሴትዮዋ ድምፅ መጎተት፣ መጎርነን ጀመረ፤ ቃሉ እየረዘመ፣ እየረዘመ ሄዶ እንጉርጉሮ ሆነ። እትዬ አስካለ ደረታቸውን በእጃቸው ቀስ እያሉ መምታት ጀመሩ፤ የሚመቱት በእሷ ልክ ነው። ዘፈን ነው፣ ይዘጋ የሚል ሰው ጠበቅኩ። ኦቦ ጉደታ አንገታቸውን እንዳቀረቀሩ "ይሄም ለቅሶ ነው" አሉ፤ የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

ሳትጨርስ ቆመች። ድንጋዩ ሞተ።

"ትጨርስ እንጂ" አሉ እትዬ አስካለ።

ጆንያዬን ብድግ አድርጌ፣ ድንጋዮቹን ከቴፑ ሆድ አውጥቼ፣ ፀሐይ ላይ ላሰጣቸው ሮጬ ወጣሁ።

ውጪ ዝናብ ነበር።